ከአኮፋዳ እስከ ማትሪክ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉን ስንጠቅሰው እንኖራለን እንጂ ከበስተኋላው ያለውን ጥያቄ አንሥተን የተወያየንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለመሆኑ ያ የተማረው ሰው ሲማር ማን አበላው? የት አደረ? ትምህርቱ ሲከብደው ማን አስረዳው? የትምህርት ታሪካችንን የጻፉ ሰዎች ስለ አዋጁ፣ ስለ ሚኒስትሮቹ፣ ስለ ፖሊሲውና ስለ ትምህርት ቤቶቹ ብዛት ብዙ ነግረውናል። የእንጀራውንና የክፍል ጓደኛውን ታሪክ የነገሩን ግን ጥቂቶች ናቸው። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ የማነሣውም በማውቀው አገር፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ስሟን ያውቃል፤ የመጽሐፉ ባለታሪክ በዛብህ የተወለደው እዚያ ነውና። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው የሰጡት ይህ ልጅ ከቀየው ወጥቶ፣ በትምህርቱ ጎልብቶ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል። እዚያም የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል። ብዙዎቻችን መጽሐፉን የምናስታውሰው በፍቅሩ ነው። እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር ይበልጥ የሚታየኝ የገበሬ ልጅ በትምህርት መሰላል እንዴት እንደሚወጣ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም ይህን መሰላል ከሰው ሰምተው አልጻፉትም። ራሳቸው በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች አልፈው፣ በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ቀጥለው፣ በኋላም የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል።

የዚያ መሰላል አሠራር ምን ነበር? ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል በመላው ኢትዮጵያ ያለ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ጆሮውን ያቆማል። ከሸዋም ከወሎም ከትግሬም የተነሣ ልጅ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ወደነዚህ ቦታዎች ይመጣ ነበር። ዘመድ የለውም፤ ገንዘብም የለውም። ከጉባኤው አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር ጎጆ ይቀልሳል፤ ከዚያም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከቤት ቤት ይዞራል። ባላገሩም የቻለውን ቁራሽ ይሰጠዋል። ልመናው ለተማሪው ውርደት አልነበረም፤ ለሰጪውም ሸክም አልነበረም። አንድ አጥቢያ ስሙን እንኳ የማያውቀውን የሰው አገር ልጅ እያበላ ያስተምር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የማስተማሩ ዘዴ ነው። የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ግን ብዙ ነው። ሁሉንም በየተራ ላስረዳ ቢሉ ጀምበሯ አትበቃቸውም። ስለዚህ ቀደም ብሎ የመጣው ለኋለኛው ግሥ ያስወርደዋል፣ አገባብ ይነግረዋል፣ የቆጠረውን ቅኔ ይሰማለታል። ጀማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ደግሞ አንድ እርምጃ የቀደመው ጓደኛ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያ ጓደኛ ራሱ ትናንት የተቸገረበት ነገር ስለሆነ ችግሩን ያውቀዋል። ያላወቀው ይደግማል እንጂ «አበቃልህ፣ ወደ አገርህ ግባ» የሚለው ፈተና አልነበረም።

ይህን ስል የቆሎ ተማሪውን ኑሮ ለማስዋብ አይደለም። ረሃቡ፣ ቅማሉ፣ ውሻው፣ ወረርሽኙ ስንቱን ልጅ በልቶ አስቀርቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሰላሉ ለሴት ልጅ የተሠራ አልነበረም። በዓይነ ስውርነታቸው ሳይገቱ በጎጃም የቅኔ መምህርት የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሡት ብርቅ ስለ ነበሩ ነው። ሆኖም ጎጆውና አኮፋዳው ሁለት ቁም ነገር አስተምረውናል፤ ተማሪ የሚጸናው እንጀራና አንድ እርምጃ የቀደመ ጓደኛ ሲያገኝ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ እነዚህ ሁለቱ ምን ሆኑ? መጀመሪያ ላይ መንግሥት አልዘነጋቸውም። ከነጻነት በኋላ በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈቱት የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዳሪ ነበሩ። ከክፍለ ሀገር ተመርጦ የመጣ ልጅ ምግብና መኝታ ነበረው፤ በራት ሰዓትም የላይኛው ክፍል ተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ነገር ግን ይህ የጥቂቶች ዕድል ነበር። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ በመሬት ላይ ለትምህርት የሚውል ግብር ጣለ። በሕጉ መሠረት ባላገሩ ለትምህርት መክፈል የጀመረው ለልጁ የሚሆን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ከማየቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። ጎጃም በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ስታምፅ የትምህርት ጥያቄ የአመፁ መነሻ ነበር አልልም። ግን ከፍሎ ያላየ ሰው መንግሥትን እንዴት ሊያምን ይችላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አደገ። ወደዚያ የሚያስገባው በር ማትሪክ ሆነ። የዳሞት ገበሬ ልጅ ማትሪክ ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ ከቤቱ መውጣት ነበረበት። የጎጃም ዋናው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደብረ ማርቆስ የሚገኘው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበር። ከፍኖተ ሰላም እስከ ደብረ ማርቆስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቡሬ ደግሞ ከዚያ ይርቃል። ይህ ለመኪና ጥቂት ሰዓት ነው፤ ስንቅ ለተሸከመ ልጅ ግን የቀናት መንገድ ነበር። በኋላ በፍኖተ ሰላም ዳሞት፣ በቡሬ ሽኩዳድ የሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መንገዱ አጠረ። ችግሩ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ከከተማው የግማሽ ቀን ወይም የሙሉ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖረው የገጠር ልጅ አሁንም ከቤቱ መውጣት አለበት። አዳሪ ቤት የለም። አኮፋዳ ይዞ መዞር ደግሞ ለዘመናዊ ተማሪ ነውር ሆኗል። እንግዲህ «የስንቅ ተማሪ» የምንለው የተፈጠረው በዚህ መካከል ነው።

የስንቅ ተማሪ ማለት ከአራት ወይም ከአምስት የአገሩ ልጆች ጋር ሆኖ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤት በሚመጣ ምግብ የሚማር ልጅ ነው። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ወደ ገጠር ይሄዳል፤ እሑድ እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክሞ ይመለሳል። እስከ ረቡዕ እንጀራ አለ። ከዚያ በኋላ ሻጋታው እየተፈገፈገ ይበላል፣ ወይም ድርቆሽ ይፈረፈራል። እኔም በዚህ ኑሮ አልፌያለሁ። በክፍላችን ትልቁ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። እኛ ታናናሾቹ ውኃ እንቀዳለን፣ ወጥ እንሠራለን፤ እሱ ግን ከሥራ ሁሉ ነጻ ነበር። በምትኩ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስረዳናል። ማንም አልደነገገውም፤ ከእኛ በፊት በዚያች ክፍል የኖሩትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች በእጅ የተገለበጡበት አንድ ወፍራም ደብተር ነበር፤ እሱም ከተከራይ ወደ ተከራይ ሲወራረስ የመጣ ነው። አሁን ሳስበው የቅኔው ጎጆ ያለ የኔታ ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል።

በተለይ የእንግሊዝኛው ነገር መነሣት አለበት። ልጁ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ተምሮ ሲያበቃ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ባዮሎጂው ከብዶት ይሁን ቋንቋው ራሱም መለየት ያቅተዋል። ስድሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ ለእያንዳንዱ መተርጎም አይችልም። ሐሳቡን በአማርኛ አስረድቶ፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ መልሶ የሚሰጠው ማነው? አጠገቡ የሚያድረው የላይኛው ክፍል ተማሪ ነው።

መንግሥትም በተለያየ ዘመን ይህን ክፍተት ለመሙላት ሞክሯል። በ1955 ዓ.ም. መባቻ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን በብዛት ገብተው በየክፍለ ሀገሩ፣ ደብረ ማርቆስን ጨምሮ፣ ተሠማሩ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተቋቋመ። በዚህ ደንብ መሠረት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በአገሩ ውስጥ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛውም የሚመደበው በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ በዘመናዊ ትምህርታችን ታሪክ ከተሠሩት መልካም ነገሮች አንዱ ነው። የገጠሩ ልጅ ማትሪክን ያለፈ ሰው በዓይኑ አየ። ያ ሰው የእድሜ እኩያው ሊባል የሚችል፣ በአማርኛ የሚያስረዳው፣ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል የሚያወራለት ወጣት ነበር። የቅኔ ቤቱ «አንድ እርምጃ የቀደመ ጓደኛ» በመንግሥት ደንብ ተመለሰ ማለት ነው።

ይህ ግን አልዘለቀም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ዘመቻው ለገበሬው ያደረገው አስተዋጽኦ አለ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ወላጆችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። ይሁንና በማትሪክ መንገድ ላይ ለነበረው ልጅ የሆነውን እንመልከት። የመሰላሉ ላይኛ እርከን ተነቀለ። የላይኛው ክፍል ተማሪ ከተከራይዋ ክፍል ወጣ፤ ከዘመቻው በኋላም በቀይ ሽብሩ ብዙው ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፍ ሲቃጠል ሁሉም ያያል። አስረጂው ሲጠፋ ግን ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው መፍትሔ ማሽን ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርቱን መዋቅር ለወጠ፤ አሮጌው ማትሪክም በጊዜው ቀርቶ በአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናና በመሰናዶ ተተካ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተተከለ። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰከንዶች ቆጥሮ መልሱን ይነግርና ያልፋል። የክፍሉ መምህር የሚያስረዳበት ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። ማሽኑ ጥሩ ትምህርት ይዞ አልመጣም አልልም፤ ለከተማ ልጅም ጠቅሞት ይሆናል። ነገር ግን ለስንቅ ተማሪ የጎደለው የሚናገር መምህር አልነበረም፤ «አልገባኝም» ሲለው ቆም የሚልለት ሰው ነበር እንጂ። ፕላዝማ ደግሞ ቆም አይልም።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2012 ዓ.ም. ቀረ። ኩረጃን ለመከላከል ሲባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ ተማሪዎችን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በማስገባት ይሰጥ ጀመር። በዚያው ዓመት ጥር ውጤቱ ሲነገር አገር ደነገጠ። ፈተናውን ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ ከዚያም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሺህ በላይ ነበሩ። በአንጻሩ ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ያሳለፉት ጥቂቶቹ በአብዛኛው አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በእርግጥ እነዚህ ጎበዝ ጎበዙን መርጠው ስለሚያስገቡ ንጽጽሩ እኩል አይደለም። ቢሆንም አዳሪ ቤት ምን ይሰጣል ብለን እንጠይቅ። እንጀራ፣ መብራት፣ የሚያጠኑበት ጊዜና አጠገብ ያለ ጓደኛ ይሰጣል። የምዕራብ ጎጃም ባላገር ለዋሸራ ተማሪ ይሰጠው የነበረውም ከዚህ ብዙ አይለይም።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መንግሥታችን ተማሪን ይቀልባል፤ የሚቀልበው ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። ወንፊቱን ያለፈው ምግብና መኝታ ያገኛል። ወንፊቱ ላይ ያለው፣ በዓርብ ማታ ጨለማ ስንቅ ለማምጣት የሚጓዘው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ለራሱ ይተዋል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ቡሬም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ተከፍቶባታል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ወደ ገበሬው መንደር መጥቷል ማለት ይቻላል። ሆኖም በገበሬው ልጅና በካምፓሱ አጥር መካከል ያሉት አራት ዓመታት አልተጠጉም።

ስለ ልጃገረዶች ብቻውን መናገር ያስፈልጋል። ወንድ ልጅ ከተማ ክፍል ተከራይቶ ሲኖር ወላጅ የሚያስበው ስለ ረሃቡ ነው፤ ለሴት ልጅ ሲሆን ግን ስለ ክብሯና ስለ ደኅንነቷም ይጨነቃል። ስለዚህ ብዙ አባት ከክፍል ኪራይ ይልቅ ጋብቻን ይመርጣል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች መዳርን ቢከለክልም ሕግ ብቻውን ልጅን ትምህርት ቤት አያቆያትም። ምን እንደሚያቆያት ግን በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ተሞክሮ ታይቷል። «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው ይህ ሙከራ ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠ፤ የሚያማክሯቸው ትልልቅ ሴቶች መደበላቸው፤ በዚህ ጊዜ ልጃቸውን ላልዳሩ ቤተሰቦችም በፍጻሜው በግ ወይም ፍየል ሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ ያለ ዕድሜ መዳር በእጅጉ ቀነሰ፤ ትምህርት ቤት የሚገኙትም በዙ። አንድ በግና አንዲት ታላቅ እኅት፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቅኔ ቤቱ ለሴት ልጅ የነፈጋት እነዚሁ ሁለት ነገሮች ናቸው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በክረምት ወደ ትውልድ ቦታቸው ሲመለሱ የማጠናከሪያ ትምህርት የመስጠት ልማድ አላቸው። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አንድ ያገር እውነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ክረምት ለከተማ ልጅ ዕረፍት ነው፤ ለገጠር ልጅ የሥራ ወቅት ነው። በቆሎው ይኮተኮታል፣ ጤፉ ይታረማል፣ ወንዙም ይሞላል። ስለዚህ የክረምቱ አስጠኚ በብዛት የሚያገኘው የከተማውን ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከገጠሩ ልጅ ጋር የሚኖረው አስጠኚ የክፍል ተጋሪው ብቻ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ ታላቅ ሀብት ትኩረት አልሰጡትም። የተከራዮቹ ክፍሎች የት እንዳሉ፣ በእያንዳንዷ ውስጥ ማን እንደሚኖር መዝግቦ፣ በየክፍሏ የሚያስረዳ አንድ የላይኛ ክፍል ተማሪ መኖሩን ማረጋገጥ ከባድ ሥራ አይደለም። ለአስረጂው ጥቂት እህል ወይም የኪራይ ድርሻ፣ ለክፍሏም ያለፉ ፈተናዎች ጥራዝ መስጠት ከፕላዝማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ለልጃገረዶቹ ደግሞ በትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ጥበቃ ያለው ማደሪያ ያስፈልጋል። ወላጅ እንጨቱንና ጉልበቱን ለመስጠት ወደ ኋላ እንደማይል የቀድሞዎቹን ትምህርት ቤቶች የሠራበት ታሪክ ይመሰክራል።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ሁሉ በሰላም ቀን የሆነ ይመስል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነግሯል። በተከታዮቹ ዓመታት በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት በሆነ ከተማ ልጅን ለትምህርት መላክ የሚያስፈራ ሆነ። መንገድ ሲዘጋ በመጀመሪያ የሚቋረጠው ስንቅ ነው፤ ስንቁ ሲቋረጥ ክፍሏ ትለቀቃለች፤ ክፍሏ ስትለቀቅ ያ ወፍራም ደብተር የሚረከበው ያጣል። ከ1967 በኋላ እንዳየነው፣ የተበተነን የተማሪ ትውልድ መልሶ መሰብሰብ ትምህርት ቤት ከመሥራት ይልቅ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ስለዚህ ሰላሙ ሲመለስ ግንቡንና ወንበሩን ብቻ አንቁጠር። ያቋረጠው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ተመልሶ መምጣቱን፣ የሚያድርበት ቦታ ማግኘቱን፣ ከሥሩም ዘጠነኛ ክፍል የሆነ አንድ ልጅ መኖሩን እንጠይቅ። ባላገሩ በድህነቱ ላይ ለዋሸራ ተማሪ ቁራሽ አልነፈገም። እኛ በከተማ ያለነው፣ ከነዚያ የተከራይ ክፍሎች ወጥተን ወንበር ያገኘነው ሁሉ፣ ቢያንስ የአንዲትን ክፍል ኪራይ መሸፈን አያቅተንም።